ዋጋው የወደቀ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ምን ይመርመር?

የመጀመሪያው ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከነተጨማሪ ዕቃዎቹ 128 ሺህ ዶላር ከፍሎ ከሾውሩም ያወጣውን ፖርሽ ታይካን 4ኤስ፣ እኔ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በ47 ሺህ 500 ዶላር ገዛሁት። መኪናው የተነዳው 38 ሺህ ማይል፣ ማለትም 61 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ገንዘቡ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ካስቀመጥነው ላይ የሚነሳ በመሆኑ ባለቤቴ ነገሩን በዝምታ አላለፈችውም። “ምን ሆኖ ነው እንዲህ የረከሰው?” ስትል ጠየቀችኝ።

ያገለገለ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ መመለስ ያለበት ይህንኑ ጥያቄ ነው። የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን መኪናውን ከመግዛቴ በፊት አምስት ወር ያህል ገበያውን ተከታትያለሁ። አንድ መኪና ልገዛ ጫፍ ላይ ደርሼም ትቼዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የቀረበው ያኔ ያየሁትና ያሰላሁት ነው።

ዋጋው ለምን ወደቀ?

አይሲካርስ የተባለው የአሜሪካ የመኪና ገበያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ፖርሽ 911 በአምስት ዓመት ውስጥ ከዋጋው የሚያጣው ወደ 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ከዚያው ሾውሩም የሚወጣው ታይካን ግን 60 በመቶ ያህሉን ያጣል። ቴስላ ሞዴል ኤስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ይወርዳል። አንዱ ወርቅ ሌላው አመድ የሆነው በጥራት ልዩነት እንዳልሆነ ሁለቱንም የነዳ ሰው ይመሰክራል። እንግዲህ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

አንደኛው ምክንያት ቴስላ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ 135 ሺህ 990 ዶላር ይሸጥ የነበረው ሞዴል ኤስ ፕሌድ፣ በጥር 2023 ወደ 114 ሺህ 990፣ በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ ወደ 89 ሺህ 990 ዶላር ወረደ። ዜሮ ዜሮው መኪና በአንድ ዓመት ውስጥ 46 ሺህ ዶላር ከቀነሰ፣ ያገለገለውን በቀድሞ ዋጋው የሚገዛ ሰው ከየት ይመጣል? የአንድ ፋብሪካ ቅናሽ ተፎካካሪዎቹንም ይዞ ወረደ።

ሁለተኛው የመኪና አከራዩ ሄርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ መቶ ሺህ ቴስላ እንደሚገዛ አስታውቆ ብዙ ወሬ ያስነሳው ይህ ድርጅት፣ በጥር 2024 ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ የኤሌክትሪክ መኪኖቹን እንደሚሸጥ ተናገረ። ጥቂት ቆይቶም ቁጥሩን ወደ 30 ሺህ ከፍ አደረገው። በእርግጥ ከሸጣቸው ውስጥ ብዙዎቹ ፈጣኖቹ ሳይሆኑ ተራዎቹ ሞዴል 3 ነበሩ። ይሁንና ገበያ ተያያዥ ስለሆነ የታችኛው ሲወርድ የላይኛውም ተከትሎ ወረደ።

ሦስተኛው በተለይ ታይካንን የሚመለከት ነው። ፖርሽ ለ2025 ሞዴል ያወጣው የተሻሻለው ታይካን ትልቁ ባትሪ 105 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን እስከ 320 ኪሎ ዋት በሚደርስ ፍጥነት ይሞላል። የአሮጌው ትልቁ ባትሪ 93.4 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ የመሙላት ፍጥነቱም እስከ 270 ኪሎ ዋት ነው። የእኔ 4ኤስ ሲወጣ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በአንድ ሙሊት 203 ማይል እንደሚሄድ ነበር የተመዘገበው። በአዲሱ ታይካን ከ300 ማይል በላይ የሚሄድ አለ። አዲሱን ያየ ሰው አሮጌውን እንደ ትናንት ስልክ ይቆጥረዋል።

በዚህ ላይ የታክስ ቅናሹ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2025 ድረስ ለአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ 7 ሺህ 500 ዶላር የሚደርስ የፌዴራል ቅናሽ ስለነበረ፣ በሊዝ ለወሰደ ሰው ውድ መኪና እንኳን በቀላል ወርሃዊ ክፍያ ይገኝ ነበር። የሊዝ ጊዜያቸውን የጨረሱት መኪኖች አሁን ወደ ገበያው እየተመለሱ ነው። እስከ 4 ሺህ ዶላር ይደርስ የነበረው ያገለገለ መኪና ቅናሽም በዚያው ቀን አብቅቷል። ነገር ግን ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ለሚሸጥ መኪና ስለማይሰጥ የፈጣን መኪና ገዢን ብዙም አልነካውም።

የመጨረሻው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ “ባትሪው ሞቶ ቢገኝስ?” የሚለው ፍርሃት። ከተዘረዘሩት ውስጥ ስለ መኪናው አካል የሚናገረው ይህ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ሊለካ ይችላል።

ባትሪውን መለካት

የተሽከርካሪ መረጃ የሚያሰባስበው ጂኦታብ እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በአማካይ በዓመት 1.8 በመቶ ያህል አቅሙን ያጣል። በዚህ ሂሳብ የአምስት ዓመት መኪና 91 በመቶ ገደማ ይዞ ይገኛል ማለት ነው። አማካይ ግን አማካይ ነው። አንዱ መኪና ሁልጊዜ ቤት ውስጥ በዝግታ ሲሞላ ኖሮ ይሆናል፤ ሌላው በፍሎሪዳ ሙቀት በየቀኑ መቶ በመቶ እየተሞላ ቆሞ ይሆናል። በመሆኑም የሚገዛው መኪና ራሱ መለካት አለበት።

ቴስላ ከሆነ መኪናው የባትሪ ጤንነት ምርመራ በራሱ ውስጥ አለው። መኪናው ተሰክቶ አውልቆና መልሶ እየሞላ ራሱን ይለካል። አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ስለሚችል ሻጩ ፈቃደኛ መሆን ይኖርበታል። ታይካን ከሆነ የፖርሽ አገልግሎት ማዕከል በራሱ የምርመራ መሣሪያ አንብቦ ይነግራል፤ ለዚህ የሚጠየቀውን ክፍያ መክፈል ተገቢ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራው ስሌት አለ። እኔ ሻጩን አስፈቅጄ ከሲልቨር ስፕሪንግ ፍሬድሪክ ደርሼ ተመለስኩ። ስነሳ ባትሪው 90 በመቶ ነበር፤ 70 ማይል ሄጄ ስመለስ 55 በመቶ ሆነ። የዳሽቦርዱ አማካይ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.6 ማይል ይላል። 70ን ለ2.6 ስናካፍል 26.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ወጥቷል ማለት ነው። ይህ የባትሪው 35 በመቶ ከሆነ መቶ በመቶው 76.9 ይሆናል። የትልቁ ባትሪ ጥቅም ላይ የሚውለው መጠን አዲስ ሳለ 83.7 ስለነበር የቀረው 92 በመቶ ያህል ነው። ስሌቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ጥቂት ነጥቦች ሊስት ይችላል፤ በብርድ ቀን ከተሠራ ደግሞ ይበልጥ ይስታል። ሆኖም 92 እና 75ን ለመለየት በቂ ነው።

እዚህ ላይ ገዢው መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ታይካን በሁለት የባትሪ መጠን ነው የሚሸጠው። ትንሹ 79.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን ጥቅም ላይ የሚውለው 71 ብቻ ነው። በማስታወቂያው ላይ የትኛው እንደሆነ የማይጽፉ ሻጮች ብዙ ናቸው፤ ስሌቱን በተሳሳተው ቁጥር የሠራ ሰው ጤነኛውን ባትሪ በሽተኛ ይለዋል።

የባትሪው ዋስትና ለታይካን 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል፣ ለሞዴል ኤስ 8 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ነው። በሁለቱም አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ፋብሪካው ኃላፊ ይሆናል። ዋስትናው የሚቆጠረው መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት ቀን ነው እንጂ ከሞዴሉ ዓመት አይደለም። ልዩነቱ አንዳንድ ጊዜ አንድ ዓመት ስለሚደርስ ቀኑን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ሳይፈጸም የቀረ የማስተካከያ ጥሪ

እ.ኤ.አ. በ2024 ፖርሽ ከ2020 እስከ 2024 የተመረቱ በርካታ ታይካኖች በባትሪ ሴሎቻቸው ውስጥ ሾርት ሊፈጠርና እሳት ሊነሳ ይችላል በሚል የማስተካከያ ጥሪ አድርጓል። ጥገናው እስኪፈጸምም ባለቤቶቹ ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞሉ አሳስቧል። በዚያው ዓመት የፊት ፍሬን ቱቦዎች ሊሰነጠቁ ይችላሉ ተብሎ በአሜሪካ ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ታይካኖች ተጠርተዋል። ከዚያ ቀደም በ2021 በሶፍትዌር ጉድለት ሳቢያ እየተነዱ ኃይል የሚያጡ መኪኖች ስለነበሩ ሌላ ጥሪ ተደርጎ ነበር።

ይህ አንባቢን ለማስፈራራት የተጻፈ አይደለም። ጥሪው ከተፈጸመ መኪናው ከማይታወቅ መኪና ይሻላል፤ የተበላሸ የባትሪ ክፍል በዋስትና ተቀይሮለት ከሆነማ እሰየው ነው። ጣጣው ያልተፈጸመው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር የሻንሲ ቁጥር ለሚያስገባ ሰው ያልተፈጸሙ ጥሪዎችን በነፃ ያሳያል። ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

ልገዛው ጫፍ ላይ የደረስኩትን መኪና ያስተወኝ ይኸው ነገር ነው። አንድ የቨርጂኒያ ነጋዴ ዘንድ የቆመ ታይካን ተርቦ ነበር። (ተርቦ የሚባል ዕቃ በውስጡ የለውም፤ ስሙ ለማዕረግ ነው።) ሲወጣ መነሻ ዋጋው 150 ሺህ 900 ዶላር የነበረውን መኪና 52 ሺህ አሉት። ልቤ ተነስቶ ነበር። የሻንሲ ቁጥሩን ሳስገባ ሁለት ጥሪዎች አልተፈጸሙም። ሻጩን ብጠይቀው “እሱ ትንሽ ነገር ነው፣ ከገዛህ በኋላ ታሠራዋለህ” አለኝ። መኪናውን በክሪክ አስነስቼ ከሥሩ ስመለከት የባትሪው መሸፈኛ ከጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንድ ጠንካራ ነገር ላይ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ በታሪክ ሪፖርቱ ላይ አንድም ቃል የለም። የባትሪ መሸፈኛ ጉዳት በዋስትና አይሸፈንም፤ ኢንሹራንሱም የኔ ሳይሆን የቀድሞው ባለቤት ጣጣ ነው ይላል። ቁልፉን መልሼ ወጣሁ።

ስለዚህ መኪናው ከሥሩ ሳይታይ ገንዘብ አይከፈል። በጎርፍ የተነከረ መኪናም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን፣ በ2024 ሄሊን የተባሉት አውሎ ነፋሶች ፍሎሪዳን ሲመቱ ጨዋማ ውኃ የነካቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ከቀናት በኋላ እሳት ሲያነሱ ታይቷል። ሊብሬው ላይ በጉዳት የተመዘገበ ቴስላ ደግሞ በኩባንያው ፈጣን መሙያዎች እንዳይሞላ ይደረጋል። እጅግ የረከሰ ቴስላ ያየ ሰው መጀመሪያ ይህንን ይጠርጥር።

ኪስ የሚያራቁተው ባትሪው አይደለም

የመኪናው ዋጋ ወርዶ 47 ሺህ ቢሆንም የመለዋወጫው ዋጋ ግን የ128 ሺህ ዶላር መኪና ዋጋ እንደሆነ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ይህ ነው።

ጎማ እንውሰድ። መኪናው ከ2 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ከቆመበት በ3.8 ሴኮንድ 60 ማይል ይገባል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው። የፊትና የኋላው ስፋት የተለያየ ስለሆነ ጎማ አቀያይሮ ዕድሜ ማራዘም እንኳን አይቻልም። በገዛሁ በሦስተኛው ወር አራቱን ጎማ ቀይሬ 1 ሺህ 850 ዶላር ከፍያለሁ። ቀደም ብዬ የጎማውን ውፍረት ለክቼ ስለነበር ይህንኑ ከዋጋው ላይ አስቀንሼዋለሁ።

ፍሬኑ ላይ የሚያጽናና ነገር አለ። ሞተሩ ራሱ እየያዘ ኃይል ወደ ባትሪው ስለሚመልስ የፍሬን ሸራ ብዙ ዓመት ይቆያል። ነገር ግን ተርቦ ኤስ የሚመጣው በሴራሚክ ዲስክ ነው፤ ተቧጭሮ ወይም ተሰንጥቆ ከተገኘ መቀየሪያው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። እንደ 4ኤሱ ተራ የብረት ዲስክ ያለው ለሁለተኛ ገዢ ይሻላል ባይ ነኝ። በአየር የሚሠራው ሞላ አንዱ ጎን ሌሊቱን አድሮ ዝቅ ካለ ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ስለሆነ መኪናውን ጠዋት፣ ሳይነሳ ማየት ይጠቅማል። የቀደምቶቹ ታይካን ባለቤቶች ደጋግመው የሚያነሱት ማሞቂያም አለ፤ በበጋ የሚገዛ ሰው ረስቶት በክረምት ያስታውሰዋል። ማሞቂያውን አብርቶ እጅን ማስጠጋት በቂ ምርመራ ነው።

“ነዳጅ ትቆጥባለህ” የሚለውን ማባበያም ላስላው። በወር 900 ማይል እነዳለሁ። ቤት ስሞላ ወደ 70 ዶላር ይወጣል፤ የቀድሞው ቶዮታ ካምሪዬ ለዚያው ርቀት በቤንዚን 95 ዶላር ገደማ ይፈጅ ነበር። በወር 25 ዶላር አተረፍኩ። ኢንሹራንሱ ደግሞ ለስድስት ወር ከ780 ወደ 1 ሺህ 460 ዶላር ዘለለ፤ በወር ሲሰላ 113 ዶላር ጭማሪ ነው። ባለቤቴ ይህንን ሂሳብ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች። ለቁጠባ ብሎ ፈጣን መኪና የሚገዛ ሰው ራሱን ያታልላል፤ የኢንሹራንሱን ዋጋ ደግሞ ከመግዛቱ በፊት በሻንሲ ቁጥሩ አስጠይቆ ይወቅ።

በዚህ ምክንያት ፖርሽ ራሱ መርምሮ የሚሸጠውና የሁለት ዓመት ተጨማሪ ዋስትና ያለው መኪና፣ ጥቂት ሺህ ዶላር ቢጨምርም ለብዙ ሰው የሚሻለው እሱ ነው። ዜሮ ዜሮ ሲገዛ የነበረው አጠቃላይ ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ብቻ ስለሆነ፣ የ2020 እና የ2021 መኪኖች ከባትሪው ውጪ ራቁታቸውን ናቸው። እኔ ስድስት ሺህ ዶላር ለማዳን ብዬ ከግለሰብ ገዝቻለሁ። እስካሁን አልተጸጸትኩም፤ ይሁንና ከስድስት ወር በኋላ እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

የመሙያ ነገር

ታይካን በ800 ቮልት የሚሠራ መኪና ነው። ተስማሚ ፈጣን መሙያ ካገኘ ከ5 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት 22 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። ችግሩ በ400 ቮልት መሙያ ላይ ሲሰካ ነው። የቀድሞው ባለቤት ሲያዝ ለ150 ኪሎ ዋት የሚሆነውን ተጨማሪ ዕቃ ካላስገባ መኪናው በዚያ ቦታ ከ50 ኪሎ ዋት በላይ አይቀበልም፤ ያኔ ቡና ጠጥቶ መነሳት ቀርቶ ምሳም ይበላል። የመጀመሪያውን የዕቃ ዝርዝር ወረቀት ጠይቆ ይህ አንድ መስመር መኖሩን ማየት ይገባል። ኋላ ላስገባው ቢሉ ቀላል አይደለም።

ቤት ውስጥ መሙያ የሌለው ሰው ግን ነገሩን ደግሞ ቢያስብበት እመክራለሁ። መንገድ ላይ ያለው ፈጣን መሙያ ከቤት ታሪፍ ሁለትና ሦስት እጥፍ ያስከፍላል፤ በብርድ ወራት ደግሞ የመኪናው ርቀት እስከ አንድ አራተኛ ሊቀንስ ይችላል።

ከታይካን ሌላ

ርቀት የሚበልጥበት ሰው ሞዴል ኤስ ፕሌድን ይመልከት። 1 ሺህ 20 የፈረስ ጉልበት ለሰው ልጅ ምን እንደሚጠቅም ባላውቅም ከታይካኑ ርቆ ይሄዳል፤ መሙያም በየቦታው ያገኛል። የውስጡ ሥራ ግን በታይካኑ አይደርስም። ኦዲ አርኤስ ኢ-ትሮን ጂቲ ከታይካን ጋር አንድ መሠረት የሚጋራ ሲሆን ብዙ ጊዜ በተሻለ ዋጋ ይገኛል። ኪያ ኢቪ6 ጂቲ አዲሱ በ61 ሺህ 400 ዶላር ነበር የጀመረው፤ እሱን የሚገዛ ሰው እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ቻርጅ መቆጣጠሪያው የተደረገው ጥሪ መፈጸሙን ያረጋግጥ። ገንዘቡ ከ25 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ሰው የቀድሞው ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ አለ። በእኔ ግምት በብር ሲመዘን ከሁሉም የሚያዋጣው እሱ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ይላክ?

ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ መኪናዬን በፎቶ ያየው አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ “እንዲህ ከረከሰ ለኔም አንድ ላክልኝ እንጂ” አለኝ። ቀልዱን አልነበረም፤ ገንዘብ አዘጋጅቷል።

አንድ ነገር ለእሱ ጥያቄ ይመሰክርለታል። ቤንዚን መኪና በ2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ አየር ሲያጥረው ጉልበቱን ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ አዲስ አበባም ሚያሚም አንድ ነው። ከእንጦጦ ሲወርድ ደግሞ ባትሪው መልሶ ይሞላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ተቃራኒው ነው። የከተማዋ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ቢዋይዲና የቻይና ሥሪት ቮልስዋገን አይዲ4 ስለሆኑ ፈጣን መሙያዎቹም በአብዛኛው የተሠሩት ጂቢ/ቲ ለሚባለው የቻይና ሶኬት ነው። ከአሜሪካ የሚላክ ታይካን ሲሲኤስ፣ ቴስላ ደግሞ የራሱ ሶኬት አለው፤ ሁለቱም አይገጥሙም። ቤት ውስጥ በ220 ቮልት ማደሩ አይቀርም፣ ግን መኪናው የተገዛበት ዋናው ችሎታ ተቆርጦ ቀረ ማለት ነው። የታይካን ሆድ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳን አይርቅም። የቨርጂኒያውን መኪና ባትሪ መሸፈኛ ያስገባው ምን እንደሆነ አላየሁም፤ የሰፈር ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ግን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። የ800 ቮልት ባትሪ ሲበላሽ የሚከፍተው ማን ነው? ፋብሪካው ለውጭ አገር የተሸጠውን መኪና ዋስትናስ ያከብራል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በጽሑፍ ለማን አቅርቦ፣ በጽሑፍ ምን መልስ እንዳገኘ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ ሁለት ዓመት ያገለገለ አይዲ4 ቦሌ ላይ እንዳየ፣ ባትሪውን እንዴት እንደሚለካ ጠየቀኝ። የ90 እና የ55 በመቶውን ስሌት ጽፌ ላክሁለት፤ ደብረ ዘይት ደርሶ መልስ ይበቃዋል።